የምንጊዜም ታላቁ የቤዝቦል ማናጀር ማነው? (ዋንጫ ብቻ ቆጥራችሁ አትምጡብኝ)

ሰባተኛው ኢኒንግ · ሰኞ ማታ

እንደምን አመሻችሁ የዚህ ቤት ሰዎች። ቅዳሜ ለታ ለቅሶ ቤት አምሽተን ነበር፤ ሰልስቱ አልፎ ካርታ የተጀመረበት ሰዓት ነው። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተዘግቶ የዋሽንግተን ናሽናልስን ጨዋታ ያሳያል። አንድ ወዳጄ ቀና ብሎ አየና "ይሄ ሰውዬ ግን ሥራው ምንድን ነው? ሱፍ እየፈለጠ መቀመጥ?" አለ። ማናጀሩን ነው። በዚያው የተነሳ ወሬ ከማናጀሮች ሁሉ ማን ይበልጣል ወደሚለው ዞረና ሌሊት 7 ሰዓት ድረስ ተሟግተን ሳንስማማ ጫማችንን አደረግን።

አንዱ ኮኒ ማክ አለ፤ 3,731 ጨዋታ ያሸነፈ ሰው፣ ማንም የማይደርስበት። ሌላው ጆ ማካርቲ አለ፤ 7 ወርልድ ሲሪስ፣ እስከ 7 ጨዋታ የሚደርሰውን የዓመቱን ፍጻሜ ማለት ነው። እኔ ብሩስ ቦቺ ስል ካርታው ተወረወረብኝ።

እስቲ ላስረዳ። ቦቺ ከሳን ፍራንሲስኮ ጃያንትስ ጋር በ2010፣ በ2012 እና በ2014 ዋንጫ በላ። ጡረታ ወጥቶ፣ ተመልሶ መጥቶ፣ በ2023 ከቴክሳስ ሬንጀርስ ጋር አራተኛውን ደገመ። የ2014ቱ ቡድን 88 ጨዋታ ብቻ አሸንፎ በዋይልድ ካርድ፣ ማለትም የምድቡ አንደኛ ሳይሆን፣ የገባ ነው። የወርልድ ሲሪሱ ሰባተኛ ጨዋታ ካንሳስ ሲቲ ሜዳ ላይ፣ 3 ለ 2 እየመሩ፣ ከ9ኙ ኢኒንግ (ዙር) አምስተኛው። ቦቺ ፒቸሩን (ወርዋሪውን) ማዲሰን ባምጋርነርን ከ2 ቀን እረፍት በኋላ አስገባው። አንድ ሁለት ኢኒንግ ወርውሮ ይወጣል ብለን ስንጠብቅ እስከ መጨረሻው ተወው። 5 ኢኒንግ፣ 68 ውርወራ። ዓመቱን ሙሉ መጨረሻውን ሲዘጉለት የከረሙት ፒቸሮች ቡልፔን (ተቀያሪ ፒቸሮች የሚያሟሙቁበት ቦታ) ውስጥ ተቀምጠው አዩ። አልነካቸውም።

ጥያቄዬ ይሄው ነው፤ የማናጀሩን ድርሻ ከተጫዋቾቹ ነጥላችሁ አሳዩኝ። ያንን ሳታሳዩኝ ዋንጫ ብትቆልሉ አልሰማም።

የድሮ ታክሲ · ሰኞ ማታ

ልጄ፣ ካርታው የተወረወረብህ በሚገባ ነው።

እኔ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ዋሽንግተን ታክሲ ስጀምር እንግሊዝኛዬን ያቃናሁት በሬዲዮ ቤዝቦል ነው። ያን ጊዜ ከተማዋ የራሷ ቡድን ስላልነበራት የባልቲሞርን ነበር የምንሰማው። ስለዚህ በዚህ ጨዋታ ጸጉሬን አሽብቻለሁና አድምጠኝ።

ጆ ማካርቲ ራሱ በዋናው ሊግ አንድ ጨዋታ እንኳ ተጫውቶ አያውቅም። በማናጀርነቱ 2,125 አሸነፈ፣ 1,333 ተሸነፈ። ከ1,000 ጨዋታ 615ቱን ማለት ነው። ሽንፈቱ ከድሉ የበለጠበት አንድ ዓመት ፈልገህ አታገኝም። ከቺካጎ ኩብስ ጋር በ1929 የሊግ ዋንጫ (ወደ ወርልድ ሲሪስ የሚያደርሰው)፣ ከኒው ዮርክ ያንኪስ ጋር ከ1932 እስከ 1943 ባለው ጊዜ 7 ወርልድ ሲሪስ፤ ከዚያ ውስጥ 4ቱ በተከታታይ። ዋንጫ አትቁጠሩ ማለት ገበሬውን "ጎተራህን ሳታሳየኝ ጎበዝ መሆንህን ንገረኝ" እንደማለት ነው።

የባልቲሞሯ · ሰኞ ማታ

ጋሼ፣ የባልቲሞርን ሬዲዮ እየሰሙ ኖረው ማካርቲን ማንሳት ግን ክህደት ነው፣ ሃሃ።

ጂሚ ዳይክስ የተባለ ተፎካካሪ ማናጀር ማካርቲን "ቁልፍ ተጫኝ" ብሎት ነበር። ቁልፉን ይጫናል፣ ጌሪግ ይመታል፤ ሌላውን ይጫናል፣ ዲማጂዮ ይመታል፤ ሁለቱም የያንኪስ ኮከቦች። በዚያ ዘመን ተጫዋች ውሉ ቢያልቅም ክለቡ ካልለቀቀው የትም አይሄድም ነበር። ሀብታሙ ክለብ ያገኘውን ይዞ ይኖራል። እርስዎም እኔም ዲማጂዮን ይዘን ቢያንስ ሦስተኛ እንወጣለን።

የእኔ ሰው ኧርል ዊቨር ነው። የባልቲሞር ኦሪዮልስን ከ1968 እስከ 1982፣ ከዚያ ለአጭር ጊዜ ተመልሶ እስከ 1986 መርቷል። ኮምፒውተር ደግአውት (ቡድኑ የሚቀመጥበት ጥግ) ሳይገባ እያንዳንዱ መቺ እያንዳንዱን ፒቸር ሲገጥም ምን እንዳደረገ በካርድ ጽፎ የሚይዝ ሰው ነበር። ስም የሌለው ተቀያሪ አንድ ትልቅ ፒቸር ላይ ጥሩ የሚመታ ከሆነ ያን ቀን እሱ ይገባል፤ ኮከቡ ይቀመጣል። ቡንት አይወድም፤ ሯጩን ለማራመድ ኳሷን ነካ አድርጎ ራስን አውት ማስደረግ፣ ከተራ ማስወጣት ማለት ነው። "27 አውት ነው ያለኝ፣ ለምን በነፃ እሰጣለሁ" ዓይነት ሰው። ጥሩ ፒቸር፣ ጥሩ መከላከል፣ ከዚያ ሁለት ሰው ቤዝ (የሯጮች መቆሚያ) ላይ እያለ አንድ ሆም ረን፣ መቺውም ሯጮቹም ሁሉ ነጥብ የሚሆኑበት ምት፤ ያ ነው ሃይማኖቱ። ዛሬ በየክለቡ ቢሮ የተቀመጡት የሒሳብ ልጆች የደረሱበትን እሱ በካርድና በእርሳስ ደርሶበታል።

ከዳኛ ጋር ሲጨቃጨቅ ደግሞ ኮፍያውን ወደ ኋላ ያዞረዋል። ለምን? የኮፍያው ጠርዝ ዳኛውን እንዳይነካውና አፍንጫ ለአፍንጫ እንዲገጥሙ። ከ90 ጊዜ በላይ ከሜዳ ተባሯል። በድሮው ሜሞሪያል ስታዲየም ከመስመሩ ውጪ ባለው አፈር ላይ ደግሞ ከሣር ተንከባካቢው ጋር ቲማቲም ተክለው የማን ይበልጣል እያሉ ይፎካከሩ ነበር።

አዎ፣ ወርልድ ሲሪስ አንድ ብቻ ነው ያለው፤ 1970። ስለት ስላለብኝ አልደብቅም።

ግራ ገባኝ · ማክሰኞ ጠዋት

ይቅርታ በመሃል ስለገባሁ። እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ ቤዝቦል የማውቀው በፊልም ነው። እኛ ሰፈር ሙግቱ ፈርጉሰን ወይስ ቬንገር ነው፤ እሱ ይገባኛል፤ ሰውዬው ይገዛል፣ ይሸጣል፣ ያሰለጥናል፣ ይቆጣል። እዚህ ግን ትልቅ ሰውዬ የተጫዋቾቹን መለያ ለብሶ፣ ከነቁጥሩ፣ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። እውነት ምንድን ነው የሚያደርገው?

ሰባተኛው ኢኒንግ · ማክሰኞ ጠዋት

ወንድሜ፣ የለቅሶ ቤቱን ጥያቄ ደገምከው። ተጫዋች የሚገዛው ሌላ ሰው ነው፤ ጀነራል ማናጀር ይባላል፣ ቢሮ ነው የሚቀመጠው። ይሄኛው የተሰጠውን 26 ሰው ይዞ በ6 ወር ውስጥ 162 ጨዋታ ይጫወታል። በሳምንት አንድ ቀን ብታርፍ ነው። ሚስቱ የወለደችለት አለ፣ ትከሻው አሞት የሚደብቅ አለ፣ ለ20 ቀን አንድ ኳስ ያልመታና እንቅልፍ ያጣ አለ። ግማሹ ሥራ ይሄ ነው፤ ካሜራ አያሳየውም።

የሚታየው ግማሽ ፒቸሩን መቼ ላውጣው የሚለው ነው። ግራኝ መቺ ግራኝ ፒቸር ሲገጥመው ይቸገራል፤ ኳሷ ከጀርባው የምትመጣ ይመስለዋል። ስለዚህ ግራኙ መቺ ተራው ሳይደርስ ግራኙን ፒቸር ማሟሟቅ አለብህ። ማሟሟቅ ጊዜ ይፈልጋል። አሟሙቀህ ሳታስገባው ከቀረህ ደግሞ ክንዱን አደከምከው፣ ነገ አይሆንልህም። አንዴ የወጣ ሰው በዚያ ጨዋታ አይመለስም። ከ2020 ወዲህ ደግሞ የገባ ፒቸር ኢኒንጉ ካላለቀ ወይ ካልተጎዳ ቢያንስ 3 መቺ መጋፈጥ አለበት። ለአንድ ሰው ብለህ ያስገባኸው ግራኝ ቀጥሎ ሁለት ቀኞች ይጠብቁታል። ስለዚህ የሦስተኛውን መቺ ነገር አሁን ማሰብ ነው።

ትዕዛዙ የሚተላለፈው በስልክ ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ስልክ፣ ከደግአውት ወደ ቡልፔን። "እገሌ ይነሳ" ይባላል።

ኦክላንድ ነበርን · ማክሰኞ ከሰዓት

ስልኩን ካነሳህ አይቀር የኔ ሰው ነገር ይነገር።

2011፣ ወርልድ ሲሪስ፣ አምስተኛው ጨዋታ፣ አርሊንግተን ቴክሳስ። ቶኒ ላ ሩሳ የሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ማናጀር ነው። ስምንተኛው ኢኒንግ፣ 2 ለ 2። ቡልፔን ይደውልና ግራኙን ዜፕቺንስኪንና ቀኙን ጄሰን ሞትን አሟሙቁ ይላል። ስታዲየሙ እየጮኸ ነው፤ ወዲያ ማዶ ያለው አሰልጣኝ የመጀመሪያውን ስም ብቻ ሰማ። ማይክ ናፖሊ የሚባል ቀኝ መቺ ቤዙ ሞልቶ ሲመጣ ላ ሩሳ ቀና ብሎ ያያል፤ ሞት አልተነሳም። ግራኙ ናፖሊን መግጠም ግድ ሆነበት፤ ናፖሊ መታው፣ 2 ሰው ገባ። ላ ሩሳ እንደገና ደወለ፣ "ሞት" አለ። እነሱ "ሊን" ሰሙ። ላንስ ሊን በዚያ ምሽት ጭራሽ መወርወር ያልነበረበት ልጅ ነው፤ ሜዳ መሃል ሲደርስ ላ ሩሳ ራሱ ደነገጠ። 4 ለ 2 ተሸነፉ። አገር ሳቀበት።

ከዚያ በስድስተኛው ጨዋታ ቴክሳስ ለዋንጫው ሁለት ጊዜ አንድ ስትራይክ (መቺው የሚስታት አንዲት ውርወራ) ብቻ ቀርቷት ካርዲናልስ በ11 ኢኒንግ 10 ለ 9 አሸነፉ፣ ሰባተኛውንም ደገሙ። ዋንጫውን ይዞ በ3 ቀን ውስጥ ጡረታ ወጣ። ይሄን ሁሉ የምለው ዋንጫውን ለመቁጠር አይደለም፤ ይሄ ሰው ጨዋታውን ራሱን ስለቀየረ ነው። ኦክላንድ እያለ ፒቸሩን ዴኒስ ኤከርስሊን ወስዶ "አንተ ዘጠነኛውን ኢኒንግ ብቻ ትወረውራለህ" አለው። ከእሱ በፊት የመጨረሻ ፒቸር 2 እና 3 ኢኒንግ ይወረውር ነበር። ዛሬ 30ውም ቡድን እንደዚያ ነው የሚጫወተው። ዊቨር በካርድ አሰበ፤ ላ ሩሳ ያሰበውን ግን ሌላው ሁሉ ተከተለው። 2,884 ድል፣ ከማክ ቀጥሎ ሁለተኛ፣ በሁለቱም ሊግ ሻምፒዮን። የሕግ ዲግሪም አለው።

ማክ ሲነሳ ደግሞ፣ የላ ሩሳው አትሌቲክስና የማክ አትሌቲክስ አንድ ክለብ መሆኑን የማያውቅ ካለ ይወቅ። ከፊላደልፊያ ካንሳስ ሲቲ፣ ከዚያ ኦክላንድ፣ አሁን ደግሞ ሳክራሜንቶ አጠገብ። እኔ ከልጆቼ ጋር የተቀመጥኩበት ወንበር ቁጥሩ እስካሁን በቃሌ ነው። ይለፈን።

ቁጥር ይናገር · ማክሰኞ ከሰዓት

የማክን 3,731 የምትጠቅሱ ሰዎች 3,948 ሽንፈቱንስ ለማን ተዋችሁት? በሁለቱም አንደኛ ነው። ከ1901 እስከ 1950፣ 50 ዓመት አንድ ቡድን፣ ሱፍ ልብስና ክራቫት አድርጎ የውጤት ወረቀቱን እያወዛወዘ። 5 ወርልድ ሲሪስ በልቷል፣ አልክድም። ግን በ1914 ተሸንፎ ኮከቦቹን በተነና በ1916 ቡድኑ 36 አሸንፎ 117 ተሸነፈ። 7 ዓመት በተከታታይ መጨረሻ። ማን ያባርረዋል? የክለቡ ባለቤት ነው! የሚያባርረው ሰው መስታወት ውስጥ ነበር ያለው።

አሁን ወደ ዋናው። ሰባተኛው "ድርሻውን ነጥላችሁ አሳዩኝ" አለ። ከኬሲ ስቴንግል የተሻለ መፈተኛ የለም። አንድ ሰው፣ ሦስት ቦታ።

ብሩክሊንና ቦስተን፤ 9 ዓመት፣ ከግማሽ በላይ ያሸነፈው አንዴ ብቻ። ያንኪስ፤ ከ1949 እስከ 1960፣ በ12 ዓመት 10 የሊግ ዋንጫ፣ 7 ወርልድ ሲሪስ፣ የመጀመሪያዎቹ 5 በተከታታይ። የኒው ዮርኩ ሌላ ቡድን ሜትስ፤ 1962፣ 40 ድል፣ 120 ሽንፈት።

ጭንቅላቱ ያው ነው። የተቀየረው ተጫዋቹ ነው። ስለዚህ የማናጀር ድርሻ የምትሉት ነገር በጣም ትንሽ ነው፤ የቀረው ተረት ነው። ጨርሻለሁ።

የድሮ ታክሲ · ማክሰኞ ማታ

ቦስተንን ስላነሳህልኝ ተባረክ። በ1943 ስቴንግል ቦስተን ውስጥ መንገድ ሲሻገር ታክሲ ገጭቶት እግሩ ተሰብሮ ብዙ ወር ተኛ። አንድ የከተማው ጋዜጠኛ ታዲያ በዚያ ዓመት ለቦስተን ቤዝቦል ከማንም በላይ የደከመው ሰው ታክሲ ነጂው ነው ብሎ ጻፈ። በሙያዬ እንዲህ የተከበርኩበት ቀን የለም።

የባልቲሞሯ · ማክሰኞ ማታ

ጋሼ ገደሉኝ።

ቁጥር ይናገር፣ የስቴንግል ፈተናህ ግማሹን ነው የሚያሳየው። ያንኪስን ሲይዝ ልክ እንደ ማካርቲ ቁልፍ አልተጫነም። ግራኝ ፒቸር ሲመጣ አንዱን፣ ቀኝ ሲመጣ ሌላውን እያቀያየረ አንድ ቦታ ላይ ሁለት ሰው ያጫውት ነበር። ተጫዋቾቹ ይናደዱ ነበር፤ ግን ከሁለት መካከለኛ ሰው አንድ ኮከብ ሠራ። ሜትስ ላይ ደግሞ ከሁለት ደካማ ሰው አንድ ኮከብ አይወጣም። ዱቄት ሳይኖር እንጀራ የምትጋግር ሴት አሳየኝና ስቴንግልን እኮንናለሁ።

የምትኮንነው ከሆነ በ1960 ኮንነው። በወርልድ ሲሪሱ ከፒትስበርግ ጋር 7 ጨዋታ። ያንኪስ 55 ነጥብ አስቆጠሩ፣ ፒትስበርግ 27፤ ያሸነፈው ግን ፒትስበርግ! ስቴንግል ዋይቲ ፎርድን፣ የቡድኑን አንደኛ ፒቸር፣ ለመጀመሪያው ጨዋታ ሳያስገባ ሦስተኛውን አስጠበቀው። ፎርድ ሦስተኛውንና ስድስተኛውን ወረወረ፣ በሁለቱም አንድ ነጥብ አልተቆጠረበትም። አንደኛውን ቢወረውር ሰባተኛው ላይ ሊገኝ ይችል ነበር። አልተገኘም፤ ማዜሮስኪ በዘጠነኛው ሆም ረን መታ፣ 10 ለ 9። ስቴንግል ተባረረ። ድርሻ ማለት ይሄ ነው፤ በጎም ሆነ በክፉ ሰውዬው የፈረመበት ነገር።

ሌሊት ተረኛ · ማክሰኞ ለሊት

እረፍት ላይ ነኝ፣ በሽተኞቼ ተኝተዋል፣ ስለዚህ ላስቸግራችሁ።

እስካሁን የጠራችኋቸውን ስሞች ቆጠርኩ። ማካርቲ ዋንጫውን ሁሉ የበላው ጥቁር ተጫዋች በማይገባበት ሊግ ነው። በሩን የከፈተው ጃኪ ሮቢንሰን የገባው በ1947። ያንኪስ የመጀመሪያውን ጥቁር ተጫዋች ያሰለፈው በ1955። ማካርቲ 4 ዓመት በተከታታይ ሲበላ ታላላቆቹ ጥቁር ተጫዋቾች ጆሽ ጊብሰንና ሳቸል ፔጅ እዚያው አገር ውስጥ፣ በሌላ ሊግ፣ በአውቶብስ እየዞሩ ይጫወቱ ነበር። ሚዛኑ ራሱ ጎደሎ ሆኖ እያለ ኪሎ ትከራከራላችሁ።

ሩብ ፎስተር የሚባል ስም ማንም አላነሳም። ቴክሳስ የተወለደ፣ መጀመሪያ ራሱ ትልቅ ፒቸር፣ ከዚያ የቺካጎ አሜሪካን ጃያንትስ ማናጀር። በ1920 ካንሳስ ሲቲ ላይ ሰዎቹን ሰብስቦ የኔግሮ ናሽናል ሊግን ያቋቋመው እሱ ነው። የሊጉ ፕሬዚዳንት ነው፣ የክለቡ ባለቤት ነው፣ ማናጀር ነው፤ የመጀመሪያዎቹን 3 ዓመታት ዋንጫ እሱ ራሱ በላ። ደግአውት ውስጥ ተቀምጦ ፒፓውን እያንቀሳቀሰ ምልክት ይሰጥ ነበር። ቡድኑ በፍጥነት ነው የሚኖረው፤ ቡንት፣ ሩጫ፣ ስርቆት። የባልቲሞሯ አትወጂውም፣ አውቃለሁ።

"ድርሻውን ነጥሉ" ከተባለ ይሄ ሰው የሚጫወትበትን ሜዳ፣ ተጋጣሚውንና የጊዜ ሰሌዳውን ሳይቀር ራሱ ፈጥሯል። የማክ ባለቤትነት እንደ ነቀፌታ ተነሳ፤ ፎስተር ግን ባለቤት የሆነው ሌላ በር ስላልተከፈተለት ነው። ጤናው በ1926 ተሰበረ፣ በ1930 ሞተ። የቤዝቦል የዝና አዳራሽ የገባው በ1981።

ፍራንክ ሮቢንሰን ክሊቭላንድን ይዞ የዋናው ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ማናጀር የሆነው በ1975 ነው። ከፎስተር ሊግ 55 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በዚያ 55 ዓመት ውስጥ ማን ሳይታይ እንደቀረ ማን ይነግረናል? ደወል ጮኸ፣ ሄድኩ።

ኦክላንድ ነበርን · ረቡዕ ጠዋት

ልክ ናት። ለዚህ መልስ የለኝም።

እንቅልፍ ሰጪ · ረቡዕ ጠዋት

3 ሰዓት ሙሉ የሚተፉበት ጨዋታ። ኳስ በእግር ነው።

የድሮ ታክሲ · ረቡዕ ጠዋት

ከ2023 ወዲህ ሰዓት ተገጥሞለት አጥሯል፣ ልጄ። ተኛ።

ሰባተኛው ኢኒንግ · ረቡዕ ማታ

ከሥራ ስገባ ይሄን ሁሉ አነበብኩ። ሌሊት ተረኛ እህቴ፣ ፎስተርን ዝርዝሬ ላይ አለመኖሩ አሳፈረኝ። የምለውን ስጨርስ እመለስበታለሁ።

የእኛን የ2019 ነገር ላውራ። ናሽናልስ 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ዴቪ ማርቲኔዝ ይባረር ሲባል ነበር፤ እኔም ብያለሁ፣ የድሮ ጽሑፌን እንዳትቆፍሩ። በጥቅምት መጨረሻ የወርልድ ሲሪሱ ሰባተኛ ጨዋታ ሂውስተን ላይ ነው፤ እኔ የምሠራበት የመኪና ማቆሚያ ቤት ውስጥ በሬዲዮ እሰማለሁ። ሂውስተን 2 ለ 0 እየመራ ነው። ዛክ ግሬንኪ እንደ ሕፃን ሲያጫውተን አምሽቷል። ሰባተኛው ኢኒንግ ላይ ሬንዶን ሆም ረን መታ፣ ሶቶ በነፃ ሄደ፣ የሂውስተኑ ማናጀር ወጣ። ግሬንኪ 80 ውርወራ ላይ ነው። አወጣው! ቡልፔን ውስጥ ጌሪት ኮል አለ፣ በዚያ ዓመት ከዓለም አስፈሪው ፒቸር። እሱን ግን አላስገባም፤ ዊል ሃሪስን አስገባ። ሃዊ ኬንድሪክ ወደ ቀኝ ገፋ አደረጋት፤ ኳሷ የመስመሩን ምሰሶ መታች። ምሰሶ ከነካች ሆም ረን ነው። መኪና ሊወስዱ የቆሙ ሁለት ሰዎች ትኬታቸውን እንደያዙ ከእኔ ጋር ዘለሉ። 6 ለ 2። ኮል እስከ መጨረሻው አልገባም።

እንግዲህ ያን ሌሊት ማርቲኔዝ አሸነፈ ወይስ የሂውስተኑ ሰውዬ ተሸነፈ? 6 ዓመት አሰብኩበት። ከዚያ በፊት ደስቲ ቤከር እዚሁ በ2016 95፣ በ2017 97 አሸንፎልን ሁለቴም በአምስተኛው ጨዋታ ስለወደቀ ተሰናበተ። በ2022፣ በ73 ዓመቱ፣ ለሂውስተን ወርልድ ሲሪስ በላ። ሰውዬው አልተለወጠም።

ቁጥር ይናገር · ረቡዕ ማታ

አሁን ራስህ ወደ እኔ መጣህ። በል ሦስት ሌሊት ልስጥህ።

2003፣ ያንኪ ስታዲየም፣ የአሜሪካን ሊግ ፍጻሜ ሰባተኛ ጨዋታ። የቦስተኑ ግሬዲ ሊትል 5 ለ 2 እየመራ ፔድሮ ማርቲኔዝ የደከመ ሲመስል ሄዶ ጠየቀው። "አለሁ" አለው። ተወው። አቻ ሆኑ፣ በ11ኛው አሮን ቡን ሆም ረን መታ። ሊትል ሥራውን አጣ።

2014፤ ቦቺ ባምጋርነርን ተወው። ጀግና።

2020፣ ወርልድ ሲሪስ፣ ስድስተኛው ጨዋታ። የታምፓው ኬቨን ካሽ 1 ለ 0 እየመራ ብሌክ ስኔልን በ73 ውርወራ አወጣው። ስኔል 9 ሰው በስትራይክ አውት (ኳሷን ሳይመቱ) ጥሏል፤ ቀጥለው የሚመጡት ሦስት መቺዎች 6 ጊዜ ገጥመውት 6 ጊዜ በስትራይክ አውት ወድቀዋል። ሙኪ ቤትስ በአዲሱ ፒቸር ላይ መታ፣ ዶጀርስ 3 ለ 1 አሸነፉ። ካሽ ተረገመ።

የተወው ጀግና፣ የተወው ተባረረ፣ ያወጣው ተረገመ። ኳሷ 10 ሳንቲሜትር ወዲያ ብትሄድ ቃላቱን እንቀያይራቸዋለን። ቦቺን ታላቅ ያልከው ከውጤቱ ተነስተህ ነው። ደግሞ ከ2,000 በላይ አሸንፎ ከ2,000 በላይ ተሸንፏል፤ ከግማሽ ፈቅ አላለም።

ሰባተኛው ኢኒንግ · ረቡዕ ለሊት

ጥሩ ነው፣ ግን ሦስቱን አንድ ላይ አትሰር። ሊትል ያመነው ፒቸሩን ነው፤ በውድድር የጋለ ሰው "ደክሞኛል" አይልም። እሱን መጠየቅ ሰካራምን "ልትነዳ ትችላለህ?" ብሎ መጠየቅ ነው። ካሽ ያመነው ወረቀቱን ነው፤ ስኔል ሦስተኛ ዙር አይግጠማቸው የሚለው ዓመቱን ሙሉ የሠራለት ሒሳብ ነበር፣ ያን ማታ ግን ፊቱ የቆመው ሰው የሒሳቡ አማካይ አልነበረም። ቦቺ ግን በየኢኒንጉ ነው የወሰነው፤ አየው፣ ተመለሰ፣ እንደገና አየው። ባምጋርነር መጀመሪያ ላይ ሲመታበት ደንግጦ አላወጣውም፣ ከዚያ በኋላ 14 ሰው በተከታታይ ሲጥልም ተማምኖ አልተኛም።

ውጤት ነው ያልከኝ ይሁን። ካንሳስ ሲቲ በዘጠነኛው ሦስተኛ ቤዝ ላይ ሰው አቁማ ነበር፤ ያ ሰው ገብቶ ቢሆንም ቦቺ ልክ ነበር እላለሁ። ብትፈልግ ሳቅ።

የባልቲሞሯ · ሐሙስ ጠዋት

ዴቭ ሮበርትስንስ? በ2004 ቦስተን በያንኪስ በጨዋታ 3 ለ 0 ተመርታ ሳለች ሁለተኛውን ቤዝ የሰረቀው ተጫዋች እሱ ነው፤ አሁን የዶጀርስ ማናጀር ሆኖ 2020፣ 2024፣ 2025። ገንዘብ ነው ትላላችሁ። ግን በ2025 ሰባተኛው ጨዋታ ላይ ያማሞቶን ትናንት 6 ኢኒንግ ከወረወረ በኋላ ዛሬ እንደገና አስገብቶ እስከ 11ኛው የተወው ገንዘብ አይደለም። ያው የቦቺ ነገር ነው።

የድሮ ታክሲ · ሐሙስ ጠዋት

ገንዘብ ነው።

ሌሊት ተረኛ · ሐሙስ ጠዋት

ሰባተኛው፣ እመለስበታለሁ ያልከውን አልረሳሁም።

ሰባተኛው ኢኒንግ · ሐሙስ ከሰዓት

አልረሳሁትም። ያወቅኩት ነገር ቢኖር ቦቺን የምከላከልበት መንገድ ፎስተርን ለመመዘን የማይረዳኝ መሆኑን ነው። የቦቺን ሌሊት በየውርወራው አየሁት። የፎስተርን አንድ ጨዋታ አላየሁም፤ ዋናው ሊግ የእነዚያን ሊጎች ቁጥር ከራሱ መዝገብ ጋር ያዋሃደው እንኳ በ2024 ነው። ስለዚህ የእኔ ርዕስ "የምንጊዜም" ማለቱ ድፍረት ነበር። "ካየኋቸው" ብዬ ላስተካክለው ሞከርኩ፤ መድረኩ ርዕስ መቀየር አይፈቅድም። ካየኋቸው ቦቺ ነው። ካላየኋቸው፣ ያንቺን ሰው ከማካርቲ በፊት አስቀምጫለሁ። ጋሼ ይቅር ይበሉኝ።

የድሮ ታክሲ · ሐሙስ ከሰዓት

ይቅር አልልም። ግን ስለ ፎስተር ሳላውቅ 40 ዓመት ሬዲዮ ሰማሁ ማለት ነው። ይሄ ያናድዳል።

ግራ ገባኝ · ዓርብ

እዚህ ሌሊት 10 ሰዓት ነው። በእናንተ ምክንያት እንቅልፍ አጥቼ አንድ ጨዋታ በስልኬ እያየሁ ነው። ስምንተኛው ኢኒንግ። አሁን አንዱ ግድግዳው ላይ ያለውን ስልክ አነሳ!

የባልቲሞሯ · ዓርብ

ማን ተነሳ?

ግራ ገባኝ · ዓርብ

ሁለት ሰዎች እያሟሟቁ ነው። አንዱ ግራኝ ነው።

ሰባተኛው ኢኒንግ · ዓርብ

ቀጥሎ የሚመጣው መቺ በየት በኩል ነው የሚቆመው? ከእሱ ቀጥሎ ያሉትንስ አየሃቸው?

ግራ ገባኝ · ዓርብ

ግራኝ፣ ከዚያ ቀኝ፣ ቀኝ። ማናጀሩ ተነስቶ ደረጃው ጫፍ ላይ ቆመ። ሊወጣ ነው... አልወጣም። ተመልሶ ተቀመጠ። ሱፍ እየፈለጠ ነው።